«ባዶ» ያልኩበት ቅዳሜ

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከቢቸና ተመልምዬ አየር ወለድ ገባሁ። ሴት ስለሆንኩ ይሁን ጣቶቼ ቀጫጭን ስለነበሩ አላውቅም፣ ከዘላዮቹ ጋር ሳይሆን ጃንጥላ ማጠፊያ ክፍል መደቡኝ። ሥራው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨርቁን ትዘረጊያለሽ፣ ቀዳዳ ካለው ትፈልጊያለሽ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ትለያለሽ፣ ታጥፊያለሽ፣ ከዚያ ደብተር ላይ ትፈርሚያለሽ። ፊርማዬ ያለበት ጃንጥላ ሰማይ ላይ አልከፈት ካለ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። አለቃችን ባሻው ቀን ይመጣና ካጠፍናቸው አንዱን መዝዞ «ነይ፣ ይዘሽው ዝለይ» ይለን ነበር። ስምንት ጊዜ ዘልያለሁ፤ ስምንቱንም ጊዜ በፍርሃት ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቢቸና ተመለስኩና የስፌት መኪና ገዛሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዲያቆን ቀሚስ፣ ሲቸግር የተቀደደ ጆንያ ሳይቀር እሰፋለሁ። አላገባሁም። ለምን ለሚሉኝ ሁሉ ምላሴን የሚችል ወንድ ጎጃም ውስጥ አልተገኘም እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ግን ውሸት አይደለም።

ገበያ በሚውልበት ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ሱቄ ይመጡ ነበር፤ ሁለቱም የድሮ ዘላዮች። አንደኛው አሥር አለቃ ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ አላቸው፣ ማዕረጋቸው እስከ ዛሬ ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። እኔ ባጠፍኩት ጃንጥላ አሥራ ሰባት ጊዜ ዘለዋል። ቁጥሩን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ስንቱን አጥፌ ስንቱን አስታውሳለሁ። ሰው ሲያስተዋውቁኝ «ይህች ሴትዮ አሥራ ሰባት ጊዜ ወልዳኛለች» ይሉ ነበር።

ሁለተኛው የሞጣው ነው። የእኔ እኩያ ነው፣ ሞጣ ላይ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። መንገዱ ክፍት በሆነ ቅዳሜ ሁሉ ተሳፍሮ በደብረ ወርቅ በኩል ይመጣል። ባሕር ዳር ዕቃ ሊያመጣ በሄደ ቁጥር ስልኩን በዝላይ ቪዲዮ ሞልቶ ይመለሳል፤ የውጭ አገር ሰዎች ቀለም በቀለም ለብሰው፣ እየሳቁ፣ ከአውሮፕላን ራሳቸውን ሲወረውሩ። ሦስታችን በአንዲት ስልክ ላይ ጭንቅላታችንን ገጥመን እናያለን፣ ከጎረቤት ሻይ ቤት ሻይ ይመጣልናል፣ ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

«እኛ ተገፍተን ነው የወጣነው፤ እነዚህ ከፍለው?» ይላሉ አሥር አለቃ።

«አገራቸው ሰላም ነዋ! የሚያስፈራ ነገር ጠፍቶባቸው ሰማይ ላይ ይፈልጉታል» ይላል የሞጣው።

ከዚያ በኋላ ሰማይ ቀርቶ ፖለቲካ ይገባል። ማን ሠራዊቱን በተነው፣ ማን አገሩን በላው፣ ማዳበሪያ ለምን ዘገየ፣ ኔትወርክ ለምን ጠፋ፣ የባጃጅ ነጂዎች ለምን ሰው አያከብሩም። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይነሳል። እኔ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ሁለቱንም እሰድባለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ደስታ መሆኑን ባላውቅም።

ትልቁ ጠባቸው በመሣሪያ ነበር። አሥር አለቃ ፈቃድ ያለው ክላሽ አላቸው፤ እርሻ ሲሄዱ ትከሻቸው ላይ፣ ሲተኙ ራስጌያቸው ላይ ነው። የሞጣው ደግሞ መሣሪያ ይመዝገብ፣ ጥይቱና ጠመንጃው አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ለየብቻ ይቀመጥ ባይ ነው። ሠርግ ላይ ሲተኮስ እንደ እሱ የሚንጨረጨር ሰው አላየሁም።

«ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት እዚያው የሚቀር ይመስልዎታል? ከሰማይ የወረድነው እኛ ይሄን ካላወቅን ማን ሊያውቅ ነው?»

«ሠርግ ያለ ተኩስማ ምኑን ሠርግ ሆነ? ተዝካር በለው» ይላሉ አሥር አለቃ።

በአንድ ነገር ግን ሦስታችን ተስማምተን ነው የኖርነው። አየር ወለድ ውስጥ ማንም ሰው የራሱን ትጥቅ ራሱ አይፈትሽም። ከኋላህ ያለው ይፈትሽሃል፣ ትከሻህን መታ አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ዘወር ብለህ አትጠይቅም። ይህን ልማድ ወደ ሱቄ አምጥተነው ነበር። መሣሪያ ይዞ የገባ ሰው ካዝናውን ይነቅላል፣ ጠመንጃውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የተቀበለው አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ያቀባብላል፣ ጥይት መጉረሻውን በዓይኑ ያያል፣ በትንሽ ጣቱ ይዳስሳል፣ «ባዶ!» ይላል። ከዚያ ጥግ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ፈታሿ እኔ ነበርኩ፤ ቤቱ የእኔ ነው፣ ደግሞም የእኔን ዓይን ያምናሉ።

ያን የሐምሌ ቅዳሜ ዝናብ ነበር። የሞጣው ቀድሞ መጥቶ አንድ ቪዲዮ ከፍቷል። ሰውየው አየር ላይ ራሱን ስቶ እንደ ጆንያ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ መሬት ሊደርስ ሲል ከጀርባው ያለች ትንሽ ዕቃ ጃንጥላውን በራሷ ትከፍትለታለች።

«አየሽ? ይሄ ነገር ያኔ ቢኖረን ኖሮ አንቺም አታስፈልጊም ነበር» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ቀልዱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በሕይወቴ አንድ የምኮራበት ነገር ቢኖር ያ ጠረጴዛ ነው። «መክፈቱንስ ትክፈተው፣ ያጠፈው ማነው? ያችው ዕቃ ናት?» ብዬ ጮህኩበት። ስልኩን ነጥቄ፣ ጃንጥላው ሲዘረጋ እንዴት እንደታጠፈ ላሳየው ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። አሥር አለቃ በዚህ መሀል ገቡ፤ ካፖርታቸው በስብሷል። ካዝናውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ክላሹን ዘረጉልኝ። በግራ እጄ ተቀበልኳቸው። ቀኝ እጄ ስልኩ ላይ ነበር፤ ዓይኔም ስልኩ ላይ ነበር።

«ባዶ!» አልኩ።

ጥግ አስደገፍኩት። አላቀባበልኩም፣ አላየሁም፣ አልዳሰስኩም። አፌ በራሱ ነው የተናገረው። አሥር አለቃ በበኩላቸው በዚያ ጠዋት እርሻቸው አካባቢ ተኩስ ሰምተው መንገድ ላይ አቀባብለው ነበር፤ ካዝናውን ነቀሉ እንጂ የጎረሰውን አላወጡም። ለምን ያውጡ? ከኋላቸው እኔ አለሁ።

ጭቅጭቁ ቀጠለ፣ ወደ መሣሪያ ዞረ። የሞጣው ሲሞቀው ይጮሃል፤ «አንድ ቀን ይሄ ክላሽ እርስዎን ይበላዎታል፣ ምን አለ ይበሉኝ!» አለ። አሥር አለቃ ሳቁ። ሻይ ይዛ የገባችው የጎረቤቴ ሴትም ሰምታ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ደንበኛ ትልቅ ጥቅል ልብስ ታቅፋ መጣች። ጠባብ ናት ሱቄ፤ ክላሹ የቆመበት ጥግ ካልተለቀቀ ጥቅሉ ማረፊያ የለውም። የሞጣው ተነሳና ክላሹን ከመሀሉ ያዘ፣ ወደ አግዳሚው ወንበር ሊያዞረው።

ባረቀ።

ቃታውን ጣቱ ይንካው፣ የተሰቀለው የልብስ መለኪያ ሜትር ይጥለፈው፣ ማንም አላየም። አሥር አለቃ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። የተመታ እግራቸውን ተመለከቱ፣ ቀጥሎ እኔን ተመለከቱ። ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር፤ ደንበኛዋ አፏን ከፍታ አያታለሁ እንጂ ድምፅ አልሰማም። ከቆረጥኩት ዩኒፎርም አንድ ረጅም ቁራጭ ሳብኩና ጭናቸውን አሰርኩት። አስተሳሰሬ ጥሩ ነበር። የማይላላ፣ ሲፈለግ ግን ቶሎ የሚፈታ፣ የተማርነው ዓይነት ቋጠሮ። እጄ ሲሠራ እያየሁት ምንም አልተሰማኝም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ፖሊስ ቃሌን ተቀበለ። «ክላሹን ተቀብዬ ባዶ ብያለሁ» አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ፣ ባዶም ብያለሁ። እሱ ሲጽፍ «ፈትሻ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለች» አለ። አነበበልኝ። እስክሪብቶውን ሰጠኝና ፈረምኩ።

ለምን እንዳልተናገርኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ፍርሃት እንኳ አልነበረም። ውስጤ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ነበር፤ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አይታዘዘኝም፣ አያመኝም። ነገ እላለሁ እያልኩ አንድ ቀን አለፈ፣ ከዚያ ሌላ።

አሥር አለቃ ሆስፒታል ተኝተው አሰቡበት። ለሚጠይቃቸው ሁሉ አንድ ነገር ይሉ ጀመር። «መንገድ ላይ አጉርሼ ነበር፤ እሷ ግን ፈትሻ ባዶ ብላለች። እሷ ባዶ ካለች ባዶ ነው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ከኪሱ ሌላ ጥይት ያጎረሰ ሰው አለ።» ያ ሰው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋቸውም። «ክላሽዎ ይበላዎታል» የተባለውን ሻይ ያመጣችው ሴት ሰምታለች፤ ከተማው ሙሉ ሰማ። መሣሪያ ይመዝገብ አይመዝገብ ብለው የተጨቃጨቁት፣ በፖለቲካ የተሰዳደቡት፣ ዓመታት ሙሉ የሳቅንበት ሁሉ አሁን ማስረጃ ሆነ። ቂም ይዞ ነበር ተባለ። የሞጣው ጥቂት ቀን ታስሮ በዋስ ወጣ። የአሥር አለቃ ወንድም ግን በሕግ የሚያልቅ ነገር አልነበረውም። «ደብረ ወርቅን አልፎ ወደዚህ ቢመጣ እኔ አለሁለት» ብሎ በገበያ መሀል ተናገረ። የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሞጣ ድረስ ሄዶ ሱቁን አሻግሮ ሲያይ ውሏል የሚል ወሬም ደረሰን። የሞጣው ሱቁን ዘጋ።

አንድ ቀን ሚስቱ ደወለች። ከዚያ በፊት ስንደዋወል እየተሳሳቅን ነበር፤ ባሏን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምሰርቃት እያነሳች ትቀልድብኝ ነበር።

«እቴ» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዓይንሽ አይተሻል? ጣትሽን ከተሽ ዳስሰሻል?»

«አይሰማም» አልኳት፣ «ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም።» ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ዘጋሁትና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። የዚያን ቀን አራት ሱሪ ጨረስኩ፤ አንዱም አልተጣመመም።

ክረምቱ እንዲሁ ወጣ። ቅዳሜ ሲሆን በሩን እከፍታለሁ፣ ማንም አይመጣም፣ አግዳሚው ባዶውን ይውላል። ደሙን በአመድና በሳሙና አጥቤው ነበር። ሰዎች አዘነች፣ ሁለት ወዳጆቿን አጣች ይሉኝ ነበር። ማዘን ብችል ጥሩ ነበር። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስለ ሌላ ነገር ነው የነገርኳቸው፤ ረቡዕ ቀን ወተት መጠጣቴን።

በጥቅምት ሽማግሌዎች ገቡበት። ሁለቱንም ወገን ለምነው፣ ወንድምየውን በግዝት ይዘው፣ አሥር አለቃ ቤት ለዕርቅ ቀን ቆረጡ። እኔም ተጠራሁ፤ የባዶውን ነገር በሽማግሌ ፊት እንድደግመው ነው የተፈለግሁት። እላለሁ ብዬም አልሄድኩም፣ አልልም ብዬም አልሄድኩም። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ፣ ያ ብቻ ነው።

አሥር አለቃ ከደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የተጠቀለለው ሱሪያቸው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ስሱ ጨርቅ ነው፣ ክብደቱን አይችልም፣ ሰፍቼ ልሰጣቸው ይገባ ነበር አልኩ በልቤ። ወንድምየው ከኋላቸው ቆሟል። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ተደርድረዋል፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘዋል።

የሞጣው በደጅ ገባ። እንደ ደንቡ በዳይ የሚሸከመውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል፤ ትልቅ ድንጋይ፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ተበዳዩ ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው እስኪል ድረስ አይጣልም። ከስቷል። ሸሚዙ እኔ የሰፋሁለት ነበር፤ አንገቱ ላይ ሁለት ጣት ይተርፍ ነበር።

ዋናው ሽማግሌ «ምን በድለህ ነው የመጣህ? ከአፍህ ይሰማ» አሉት።

ይክዳል ብዬ ነበር። ቢክድ ኖሮ ዝም የምል ይመስለኛል፤ ይህን መናገር ያሳፍረኛል ግን እውነት ነው። እሱ ግን ድንጋዩን እንደተሸከመ እንዲህ አለ፦

«እሷ ባዶ ካለች ባዶ ነው። እኔም ይሄን አውቃለሁ። ስንት ሌሊት አሰብኩት፣ ጥይት ሳጎርስ አላስታውስም። ግን እሷ አትሳሳትም፣ ስለዚህ ሳላውቀው እጄ አድርጎት ይሆናል። ልቤ ውስጥ ክፋት ኖሮም ይሆናል፣ አላውቅም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

የገዛ እጁን ትቶ እኔን አመነ። ቢቸና ሙሉ ሊገድል ሞከረ ሲለው ያልተቀበለውን፣ በእኔ አንዲት ቃል ተቀበለው። ከሐምሌ ጀምሮ ደንዝዞ የከረመው ነገር እዚያ ቦታ ላይ ነቃ። እግር ሲደነዝዝ ቆይቶ ደም ሲመለስበት እንዴት እንደሚወጋ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ አመመኝ፣ ደረቴ ውስጥ።

ተነሳሁ። «ጣለው» አልኩት።

«እሱን የምለው እኔ ነኝ» አሉ አሥር አለቃ።

«አንቱ የሚሉት ለበደለዎት ነው። እሱ አልበደለዎትም። እኔ አላየሁም።»

«ምኑን?»

«ክላሹን። ተቀብዬ ጥግ አስደገፍኩት። አላቀባበልኩም፣ ጣቴን አልከተትኩም። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። ባዶ ያልኩት ሳላይ ነው። ለፖሊስም የፈረምኩት ሳላይ መሆኑን እያወቅሁ ነው። አንቱ ያጎረሱት ነው የባረቀው፤ ሌላ ማንም አላጎረሰበትም።»

ወንድምየው አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉበት፣ ቆመ። የሞጣው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሄጄ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳሁና የራሴ ማጅራት ላይ አደረግሁት፤ ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ፊቴን አላየም። ማጅራቱን እያሻሸ ግድግዳው ዘንድ ሄዶ ተቀመጠና ሁለት እጁን ዘርግቶ ተመለከታቸው፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ግን ለማልቀስም አልተፈቀደልኝም፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ፊቱን መጥረግ አይችልም።

ሽማግሌዎቹ ወደ አሥር አለቃ ዞሩ። እኔ ከመሬቱ በቀር የሚታየኝ አንድ እግራቸው ብቻ ነበር። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የቸገረው ሰው ድምፅ ነበር።

«ጃንጥላዎቹንስ?» አሉኝ። «አሥራ ሰባቱን። እነሱን አይተሻቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ» አልኩ። «በእግዚአብሔር ስም፣ እያንዳንዷን ገመድ አይቻለሁ።»

እውነቴን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያን ጠረጴዛ አንድ ቀንም አላታለልኩትም። ግን ስናገረው ድምፄን ራሴ ሰማሁት፤ «ባዶ» ስል እንደነበረው ያለ ድምፅ ነው፣ አንዳች ልዩነት የለውም።

«ጣይው» አሉ አሥር አለቃ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ማመኑን ግን እንጃ።»

ድንጋዩን መሬት አስቀመጥኩት። ቀና ስል እሳቸው እኔን እያዩ አልነበረም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝላያቸውን በጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥሩ ነበር።